ጋዙ በየት ይገባል? የብረት ማዕድንና የኮክ ቀዳዳዎች ጥናት ከ1872 እስከ ዛሬ

ንጹህ ሄማታይት፣ ማለትም የብረት ኦክሳይድ ማዕድን፣ ከክብደቱ 30 በመቶው ኦክስጅን ነው። ቀዳዳ የሌለው 100 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ የሄማታይት ድንጋይ 525 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ኦክስጅኑ ሙሉ በሙሉ ሲወጣለት 367 ግራም ገደማ ብረት ይቀራል። ይህ ብረት ጥቅጥቅ ብሎ ቢቀመጥ 47 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ አይሞላም። ድንጋዩ የውጭ መጠኑን እንደያዘ ወደ ብረት ከተለወጠ ታዲያ ከግማሽ የሚበልጠው አካሉ ባዶ ነው። ጋዝ የሚመላለሰው በዚህ ባዶ ቦታ ነው። ዘርፉ ግን ቀዳዳው ማዕድኑ ይዞት የመጣ ብቻ እንዳልሆነ፣ አብዛኛው እዚያው ምድጃ ውስጥ እንደሚወለድ ለመቀበል ረጅም ጊዜ ወስዶበታል።

እንግሊዛዊው የብረት አምራች ሎዚያን ቤል እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ብረት ማቅለጥ ኬሚስትሪ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከማዕድን ላይ ኦክስጅን የሚነጥቅበትን ሁኔታ በሙከራ መርምሯል። የዚያ ዘመን ጥያቄ ጋዙ ምን ይሠራል የሚል ነበር፤ በየት ይገባል የሚለው ገና አልተነሣም። ለሁለተኛው ጥያቄ መሣሪያው የመጣው ከሌላ ሰፈር ነው። ዴንማርካዊው ክኑድሰን በ1909 እጅግ በጠበበ ቧንቧ ውስጥ የጋዝ ቅንጣቶች እርስ በርስ ከሚጋጩት ይልቅ ከግድግዳው ጋር እንደሚጋጩ አሳየ። በብረት ምድጃ ሙቀት ይህ የሚሆነው ቀዳዳው ከግማሽ ማይክሮን በታች ሲጠብ ነው፤ ያኔ ፍሰቱ ክፉኛ ይዘገያል። በ1921 ደግሞ አሜሪካዊው ዋሽበርን ሜርኩሪን በግፊት ወደ ቀዳዳ በማስገባት ስፋቱን መለካት እንደሚቻል ጠቆመ። አንድ ማይክሮን ለሚሰፋ ቀዳዳ 15 አትሞስፌር ያህል ግፊት ይበቃል፤ መቶ እጥፍ ለጠበበው ግን 1500 ገደማ ያስፈልጋል። ዘዴው እስካሁን ይሠራበታል። ጉድለቱም አብሮት አለ፦ ከውጭ ጋር ያልተገናኘውን ቀዳዳ ፈጽሞ አያየውም፤ አፉ ጠቦ ሆዱ የሰፋውንም እንደ ጠባብ ይቆጥረዋል።

ሌላው የብረት ኦክሳይድ ማዕድን፣ ማግኔታይት፣ ከሄማታይት ያነሰ ኦክስጅን ስላለው ቶሎ ብረት ይሆናል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ይመስላል። በተግባር የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ የተፈጥሮ ማግኔታይት ግትር ነው። ስዊድናዊው ኤድስትሮም በ1953 ምክንያቱን ገለጠ፦ ሄማታይት ወደ ማግኔታይት ሲለወጥ የክሪስታሉ አደረጃጀት ይናዳል፣ ድንጋዩ ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ጋዙ የሚገባውም በዚያ ስንጥቅ ነው። ከመነሻው ማግኔታይት የሆነው ድንጋይ ይህ ዕድል የለውም። ለእኔ የዘርፉ እውነተኛ መታጠፊያ ይህ ሥራ ነው።

ቀጣዮቹ 20 ዓመታት የሙግት ዘመን ነበሩ። ጃፓናውያኑ ያጊና ኩኒ በ1955 ባቀረቡት ስሌት፣ የማዕድኑ ያልተነካ እምብርት ከውጭ ወደ ውስጥ እያነሰ ይሄዳል። ማክዋን በዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ቤተ ሙከራ የብረቱ ንብርብር ውፍረት ከጊዜ ጋር በቀጥታ መስመር ሲያድግ አየና ፍጥነቱን የሚወስነው በብረቱና በኦክሳይዱ ድንበር ላይ ያለው ኬሚስትሪ ነው አለ። ቀጥታ መስመር ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። ስፒትዘር፣ ማኒንግና ፊልብሩክ በ1966 ኬሚስትሪውና የጋዝ ስርጭቱ ተዳምረው የሚወስኑበትን ስሌት አቀረቡ። በ1971 ደግሞ ተርክዶጋንና ባልደረቦቹ፣ ያውም በዚያው በዩናይትድ ስቴትስ ስቲል፣ ስሌቱን ትተው የተገኘውን የብረቱን ቀዳዳ ራሱን መረመሩ። በዝቅተኛ ሙቀት የተሠራው ብረት ቀዳዳው ደቃቅ፣ በከፍተኛ ሙቀት የተሠራው ሰፋፊ ሆኖ ተገኘ። ከአንድ ዓይነት ማዕድን፣ በአንድ ዓይነት ጋዝ፣ በሙቀቱ ልዩነት ብቻ ሌላ ቀዳዳ ማለት ነው። እንግዲህ ከሙከራው በፊት የተለካ ቀዳዳ በሙከራው መካከል ስላለው ሁኔታ ብዙም አይናገርም።

በእነዚሁ ዓመታት ጃፓኖች በሥራ ላይ የነበሩ ምድጃዎችን በድንገት አቀዝቅዘው ከላይ እስከ ታች ሸነሸኗቸው። የሂሮሃታ ቁጥር 1 ምድጃ በ1970 ከተከፈቱት አንዱ ነው። የማዕድኑና የኮኩ (ከድንጋይ ከሰል የሚሠራው ነዳጅ) ንብርብር ሳይቀላቀል ወደ ታች ወርዶ ተገኘ። ከታች፣ ማዕድኑ በሚለሰልስበት ቀጠና፣ ቀዳዳው ስለሚደፈን ጋዙ የሚያልፈው በኮኩ ንብርብር በኩል ብቻ ነው። ኮኩ እዚያ ከተፈረካከሰ ምድጃው ትንፋሽ ያጥረዋል።

ጃፓኖች የኮክ መፈተኛ ያበጁትም ለዚህ ነው፦ 200 ግራም ኮክ በ1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰዓት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋበታል፤ ከዚያ የተረፈው በከበሮ ውስጥ 600 ጊዜ ይሽከረከርና ስንቱ ሳይፈርስ እንደቀረ ይመዘናል። ፈተናው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኗል፤ እኔ ግን በአንድ ሙቀት ብቻ መደረጉን በጥርጣሬ አየዋለሁ። ሙቀቱ ዝቅ ሲል ጋዙ እስከ እምብርቱ ዘልቆ የቀዳዳዎቹን ግድግዳ በሙሉ ያሳሳል። ሙቀቱ በጣም ሲጨምር ግን ጋዙ ገና ጠርዙ ላይ ስለሚበላ ልቡ ጠንካራ ሆኖ ይቀራል። እኩል ክብደት ያጡ ሁለት ኮኮች ጥንካሬያቸው የሚለያየው በዚህ ነው።

አሁን ነገሩ ሁሉ ወደ ሃይድሮጅን ዞሯል። በስዊድን ሉሌኦ፣ ማዕድንን በሃይድሮጅን ወደ ብረት የሚለውጠው የሃይብሪት የሙከራ ፋብሪካ በ2020 ተከፍቷል። ሃይድሮጅን ከካርቦን ሞኖክሳይድ እጅግ ቀልጣፋ ስለሆነ የጋዝ ስርጭት ችግር የተቃለለ የመሰላቸው ብዙ ናቸው። በዱሰልዶርፍ የማክስ ፕላንክ የብረት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በ2021 በ700 ዲግሪ በሃይድሮጅን የተሠሩ ፔሌቶችን (የማዕድን ድቡልቡሎችን) ሲመረምሩ ግን፣ መጨረሻ ላይ የቀሩ የዉስታይት (ገና ወደ ብረት ያልተለወጠ ኦክሳይድ) ደሴቶች በጥቅጥቅ ብረት ተከብበው አገኙ። እዚያ ቀዳዳ የለም፤ ኦክስጅኑ በጠጣሩ ብረት ውስጥ እየተንፏቀቀ መውጣት አለበት። ለውጡ መጨረሻ ላይ የሚዘገየው በዚህ ነው።

የኤክስሬይ ቶሞግራፊ ዛሬ አንዱን ፔሌት ሳይሰብር፣ ደረጃ በደረጃ ማየት አስችሏል። ሆኖም አንዲት ከሙከራ በፊት የተለካች የቀዳዳ መቶኛ ብቻ ሰንጠረዥ ላይ አስፍረው የሚወጡ ጥናቶች አሁንም አሉ። ኦክስጅኑ ሩብ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛ ሲወጣ የቀዳዳው ስፋትና ትስስር ምን እንደነበር ካልተነገረን፣ የአንዱን ቤተ ሙከራ የፍጥነት ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይቻልም።