በናይሮቢ እና በፓሪስ የተሮጠው 9.79 ለምን እኩል አይደለም?

ሰኔ 2016 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ በኒያዮ ስታዲየም በተካሄደው የኬንያ የኦሊምፒክ ማጣሪያ፣ ፈርዲናንድ ኦማንያላ 100 ሜትሩን በ9.79 ሰከንድ አጠናቀቀ። እስከዚያች ዕለት ድረስ የዓመቱ ፈጣን ሰዓት ነበር። ሐምሌ 28 ፓሪስ ላይ አሜሪካዊው ኖኣ ላይልስ ወርቁን የወሰደውም በዚያው በ9.79 ነው። ኦማንያላ ግን በግማሽ ፍጻሜው 10.08 ሮጦ ከውድድሩ ተሰናበተ።

እንዲህ ሲሆን ጣት ወደ ሯጩ መቀሰሩ የተለመደ ነው። የስታትስቲክስ ባለሙያ ግን አስቀድሞ ሌላ ይጠይቃል፤ ሁለቱ ሰዓቶች የተመዘገቡት በተመሳሳይ ሁኔታ ነውን?

ለዚህ ጥያቄ የሚያገለግለው ስሌት ሊኒየር ሪግሬሽን ይባላል። የአንድ ሯጭ ውድድሮች በግራፍ ላይ በነጥብ ይቀመጣሉ፤ በአግድሙ የነፋሱ ፍጥነት፣ በቁሙ የሮጠበት ሰዓት። ከዚያም በነጥቦቹ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። የሚመረጠው፣ ከየነጥቡ ያለው የቁም ርቀት በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ድምሩ ከሁሉም የሚያንሰው መስመር ነው። የመስመሩ ዝቅዝቅታ ነፋሱ ሲጨምር ሰዓቱ በስንት እንደሚቀንስ ይነግራል። ከነፋስ ሌላ ከፍታን የመሰሉ መለኪያዎችንም በአንድ ስሌት ማስገባት ይቻላል።

በ100 ሜትር ከኋላ የሚገፋ ነፋስ በሰከንድ አንድ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በ0.05 ሰከንድ ገደማ ያጥራል። ከፍታም ድርሻ አለው። የሳሳ አየር የማራቶን ሯጭን ኦክስጅን ይነሣዋል፤ ለአጭር ርቀት ሯጭ ግን ከፊት የሚገታውን አየር ያቀልለታል። ትርፉ በየ1,000 ሜትሩ 0.03 ሰከንድ ያህል ነው። ናይሮቢ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች።

በማጣሪያው ኦማንያላን በሰከንድ 1.5 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ይገፋው ነበር። የነፋሱና የከፍታው ድርሻ ሲደመር 0.13 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ስለዚህ የናይሮቢው 9.79 ጸጥ ባለ አየር፣ በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 9.92 አካባቢ ነበር። በፓሪሱ ፍጻሜ ነፋሱ 1.0 ሜትር ስለነበር የላይልስ 9.79 በዚሁ ስሌት ወደ 9.84 ይጠጋል። እኩል በሚመስሉት ሰዓቶች መካከል በመቶ ሜትር ሩጫ ሰፊ የሚባል ልዩነት አለ።

ሒሳቡ ግን ሁሉንም አላብራራም። የግማሽ ፍጻሜው ነፋስ ሳይታሰብ፣ በ9.92 እና በ10.08 መካከል 0.16 ሰከንድ ይተርፋል። መስመሩ ያልደረሰበት ይህ ልዩነት "ቀሪ" ይባላል፤ አነሳስ፣ ድካም፣ የዕለቱ ጫና ሁሉ የሚጠራቀሙት እዚያ ነው። ጣት የሚቀሰር ከሆነም በ0.29ኙ ሳይሆን በዚህ ላይ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ናይሮቢ ለኦማንያላ ከፍ ያለች ከተማ ብቻ ሳትሆን አገሩም ናት። ከፍታውና የአገሬው ተመልካች ሁልጊዜ አብረው ከመጡ፣ የእርሱ ውድድሮች ብቻ የአንዱን ውጤት ከሌላው ሊለዩ አይችሉም። እንግዶችንም መመልከት ያስፈልጋል። መስከረም 2014 ዓ.ም. ናይሮቢ ካሳራኒ ላይ ኦማንያላ በ9.77 የአፍሪካን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ የቀደመው አሜሪካዊው ትሬይቮን ብሮሜል በ9.76 የራሱን ምርጥ ሰዓት አሻሽሏል። ብሮሜልን የአገሩ ሰው አልደገፈውም።

መስመሩን ወደፊት መዘርጋት ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። እአአ በ2003 ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በርሊን ላይ ካስመዘገበው 2:04:55 ጀምሮ፣ በኃይሌ ገብረሥላሴ 2:03:59 አልፎ፣ ኬልቪን ኪፕቱም እአአ በ2023 ቺካጎ ላይ እስከሮጠው 2:00:35 ድረስ ያሉት ዘጠኝ የወንዶች የማራቶን ክብረ ወሰኖች ከአንድ ቀጥ ያለ መስመር እምብዛም አይርቁም፤ ሰዓቱ በየዓመቱ 13 ሰከንድ ገደማ ይቀንሳል። ያው መስመር ሳይገታ ቢቀጥል ግን እአአ በ2570ዎቹ 42 ኪሎ ሜትሩ በዜሮ ሰከንድ ይጠናቀቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተንታኝ የሚተነብየው ለቀጣዩ የውድድር ዘመን ነው፤ ያውም አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ብሎ።