የሚላጨው ብዙ፣ ምላጩ አንድ

ውድ አድማጮቻችን፤ የዛሬው ርዕሳችን ምላጭ ነው። «ኢማም ስለ ምላጭ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በየቤታችን ልጅ ሲወለድ፣ ዒድ ሲቃረብ፣ ሐጅና ዑምራ ሲፈጸም ምላጭ ከእጃችን አይለይም። ሱናውን የምንፈጽምበት ይህ ትንሽ ብረት በሽታ የሚያሸጋግር እንዳይሆን መጠንቀቅ ደግሞ የዲናችን ጉዳይ ነው።

በልጅነታችን በቀራንበት ቂርአት ቤት አንድ እጀታ ያለው፣ የሚታጠፍ ምላጭ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ደረሳው ሁሉ ተሰልፎ ይላጫል። ላጩ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ምላጩን በቁራጭ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ ሲደንዝበት በቆዳ ቀበቶ ላይ ያመላልሰዋል፤ ከዚያም ይቀጥላል። በአንድ ልጅ ራስ ላይ የታየው ቆረቆር ብዙም ሳይቆይ የብዙዎቻችን ሆነ። ያን ጊዜ ቡዳ ነው ያለም፣ የውሃው ጠባይ ነው ያለም ነበር። ምላጩን የጠረጠረ ግን አልነበረም። ላጩም ለአላህ ብሎ ያገለግል የነበረ ደግ ሰው ነውና አንወቅሰውም። ዛሬ ግን ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ ያወቀ ሰው ደግሞ እንዳላወቀ አይቆጠርም።

በመጀመሪያ የሱናውን ቦታ እንመልከት። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ከተፈጥሯዊ ንጽሕና ከተቆጠሩት አምስት ነገሮች አንዱ የሐፍረት ገላን ፀጉር መላጨት ነው። ይህ ተግባር በዐረብኛ «ኢስቲሕዳድ» ይባላል፤ ቃሉ የመጣው «ሐዲድ» ማለትም ብረት ከሚለው ነው። ምላጭ በስያሜው ውስጥ ሳይቀር አለ ማለት ነው። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ደግሞ ጊዜው ከአርባ ሌሊት እንዳያልፍ ገደብ እንደተደረገ አስተላልፈዋል፤ ዘገባው በሙስሊም ይገኛል። ስለዚህ ምላጭ ለወንዱም ለሴቷም የሚያስፈልግ የቤት ዕቃ ነው።

ቀጥሎ የምላጩን ጠባይ እንረዳ። ፀጉር ለስላሳ፣ ብረት ጠንካራ ሆኖ ሳለ ምላጭ ለምን ይደንዛል? እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከብረቱ 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልሰው ፀጉር እንኳ የምላጩን አፍ በጥቃቅኑ ሊሸርፈው እንደሚችል አሳይተዋል። እርጥበትም አፉን ያዝገዋል። የደነዘ ምላጭ ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትታል፤ ላጩም እጁን ይጫናል፤ ያን ጊዜ ቆዳ ይቆረጣል። የተሳለ ምላጭ ያስፈራል እንጂ ይበልጥ የሚያደማው የደነዘው ነው።

የሚታጠፈውን ምላጭ የሚጠቀም ሰው ሁለት ነገሮችን ይለይ። ድንጋይ ብረቱን በጥቂቱ እየበላ አዲስ አፍ ያወጣል፤ ቆዳ ደግሞ የወጣውን አፍ ያስተካክላል፣ ያለሰልሳል። በድንጋይ ሲስል ድንጋዩ ልሙጥና እርጥብ ይሁን፤ የምላጩ ጀርባና አፉ በአንድነት ድንጋዩን ይንኩ፤ አፉ እየቀደመ በቀስታ ይሂድ፤ በሁለቱም ጎን እኩል ይመላለስ። በቆዳ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ጀርባው ይቀድማል፣ አፉ ይከተላል። አፉ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጣል፣ ራሱም ይበላሻል። ሲገለብጡትም በጀርባው ይዙር። ከመላጨት በፊት በቆዳው ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ማመላለስ ይበቃል። ድንጋዩ የሚያስፈልገው ምላጩ በቆዳ ብቻ አልስተካከል ሲል ነው። ከተላጩ በኋላ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ከዝገት ያድነዋል።

ሲላጩም ፀጉሩን አስቀድሞ በሞቀ ውሃና በሳሙና አረፋ ማለስለስ፣ ምላጩን ፀጉሩ ወደበቀለበት አቅጣጫ መሳብ፣ እጅን አለመጫን ይገባል። በተለይ ፀጉራችን ጥቅልል ስለሆነ ከቆዳው በታች እስኪቆረጥ ድረስ ከተላጨ፣ ተመልሶ ሲበቅል ወደ ውስጥ ገብቶ በአንገትና በማጅራት ላይ እብጠት ያወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ምላጭ ሲላጭ ዓይን የማያየው የደም ጠብታ ይዞ ሊቀር ይችላል። በሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ ወዲህ «ስለት ባላቸው ነገሮች በጋራ አትጠቀሙ» የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም። ብዙዎቻችን የምንረሳው ግን ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከዚህም ይበልጥ ብርቱ መሆኑን ነው። ይህ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመበከል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። የያዘው ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል፤ በመጨረሻ ግን ጉበቱ ሊጠጥር ወይም ካንሰር ሊይዘው ይችላል። መከላከያ ክትባቱ በሀገራችን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለድነው፣ ማለትም አባቶችና እናቶች፣ አብዛኞቻችን አልተከተብንም።

ቦርደዴ ከአዋሽ ወደ ጭሮ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ሾፌሩም፣ ከብት ነጋዴውም፣ ተማሪውም በአንድ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ በየተራ ይቀመጣሉ። በአሰቦትም፣ በሚኤሶም፣ በጭሮም ያው ነው። ዛሬ ብዙዎቹ አስተካካዮች ስሱን ምላጭ ለሁለት ሰብረው በእጀታ ላይ ያስገቡታል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ምላጭ ለስንት ሰው ያገለግላል? በአልኮል ጠረግ ማድረግ ወይም በክብሪት እሳት ማሳለፍ አያጸዳውም፤ እሳቱ ሲበዛ ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋል።

አንዳንድ ወንድሞች «ኹበይብ (ረ.ዐ) ምላጭ ተውሰው የለምን?» ይሉናል። እውነት ነው። ኹበይብ ኢብኑ ዐዲይ በመካ ታስረው ሊገደሉ ሲቃረቡ ከያዟቸው ቤተሰብ ሴት ምላጭ መዋሳቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። ሴትየዋ ሳታስተውል ሕፃን ልጇ ወደ እርሳቸው ሄደ፤ ምላጭ በእጃቸው፣ ልጁ በጭናቸው ላይ ሆኖ ስታይ ደነገጠች። እርሳቸው ግን ልጁን እንደማይጎዱት ነግረው አረጋጓት። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ መዋስ መፈቀዱን ብቻ ነውን የምንወስደው? ጠላቶቹ ሊገድሉት የያዙት ሰው እንኳ በምላጭ ንጹሕ ሰው አልጎዳም። በእጁ ያለው ብረት አማና መሆኑን አውቋልና። እኛስ በገዛ ልጃችን፣ በደንበኛችን፣ በጎረቤታችን ላይ ለምን ቸል እንላለን? መዋስ በራሱ ሐራም አይደለም፤ ጉዳት ማድረስ ግን በዲናችን የተከለከለ ነው። ጉዳቱ ከታወቀ ደግሞ መተው ይገባል።

እንግዲህ በቤታችን የምንይዘው ደንብ ይህ ይሁን። አንድ ሰው፣ አንድ ምላጭ፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ ለየራሳቸው። የሚታጠፈው ምላጭም ከነመሳያ ቆዳው የአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ቆዳው ከምላጩ ላይ የቀረውን ይይዛል፣ እርሱን ደግሞ ቀቅሎ ማጽዳት አይቻልም። ወደ አስተካካይ ስንሄድ አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ ይዘን እንሂድ ወይም በፊታችን እንዲከፈት እንጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ አስተካካዩም አይቆጣ።

የግድ ምላጭን ለሌላ ሰው ማዋል ከመጣ፣ መጀመሪያ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ለ20 ደቂቃ ይቀቀል። ወይም 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ ይነከርበት። በረኪና ብረት ስለሚበላ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ።

ለሕፃን በሰባተኛው ቀን ራሱን ስንላጭ ምላጩ ያልተነካ አዲስ ይሁን፤ አንዱ ራሱን ይያዝ፣ ሌላው ይላጭ፤ በእርግብግቢቱ ላይ ከቶ አንጫን። ዋግምትም ቢሆን በአንድ ምላጭ ሁለት ሰው አይበጣ። የወንድ ልጅ ግርዛት በጤና ተቋም ይፈጸም። ያገለገለ ምላጭም ሕፃናት በባዶ እግር በሚሮጡበት ደጅ አይጣል፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይጠራቀም።

ውድ አድማጮቻችን፤ ዋጋው ከአንድ ሲኒ ሻይ የማይበልጥ ምላጭ ቆጥበን የዕድሜ ልክ በሽታ ወደ ቤት አናስገባ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን በቤታችን ያለውን ምላጭ እናውጣና የማን እንደሆነ እንጠይቅ። «የሁላችንም ነው» የሚል መልስ ካገኘን ያን ምላጭ ዛሬውኑ እናስወግደው። አላህ (ሱ.ወ) ንጽሕናችንን ይቀበለን፤ ቤተሰቦቻችንን ከክፉ ሕመም ይጠብቅልን።