እገዳ ተነስቶ የተሮጠ ፍፃሜ

የአየለች ወርቁ ነሐስ ነገር ዛሬም ያንገበግባል። እ.ኤ.አ. በ2001 ካናዳ ኤድመንተን ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 5 ሺህ ሜትር ፍፃሜ ሩሲያዊቷ ኦልጋ ዬጎሮቫ አንደኛ፣ ስፔናዊቷ ማርታ ዶሚንጌዝ ሁለተኛ፣ የኛዋ አየለች ደግሞ ሦስተኛ ወጡ።

ዬጎሮቫ ከአንድ ወር በፊት ፓሪስ ላይ በሰጠችው ሽንት ኢፒኦ ተገኝቶባት ነበር። ኢፒኦ ቀይ የደም ሴል እያበዛ ሯጭ ቶሎ እንዳይደክመው የሚያደርግ መድኃኒት ነው። በጊዜው ደንብ ግን ሽንት ብቻውን አይበቃም፤ ደምም አብሮ መመርመር ነበረበት። ፓሪስ ላይ ይህ ስላልተደረገ እገዳው ተነሳላት። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ በማጣሪያው ዕለት ስታዲየም ውስጥ የተቃውሞ ጽሑፍ ብትይዝም ወዲያው ነጠቋት።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2008፣ ዬጎሮቫ በተለያየ ጊዜ የሰጠቻቸው ሽንቶች ዲኤንኤያቸው አልገጥም ብሎ ታገደች። ዶሚንጌዝንም በ2015 የደም ፓስፖርቷ አስይዟት የ3 ዓመት ቅጣት ተከናነበች። የኤድመንተኑን ውጤት ግን የነካው የለም። አየለች በመዝገብ ዛሬም ሦስተኛ ናት። ፓሪስ ላይ ምርመራው በሰዓቱ ስላልተሟላ፣ በኋላ የመጣው ማስረጃ የኤድመንተኑን ሜዳሊያ አላስለወጠም።