የአሳማ መኖ፣ የዶሮ ጨጓራና የጎንደር ብቅል

በበርካታ የዓለም አገሮች የአሳማ መኖ ሲዘጋጅ ከበቆሎውና ከአኩሪ አተሩ ጋር እጅግ አነስተኛ መጠን ያለው አንድ ዱቄት አብሮ ይደባለቃል። ይህ ዱቄት ቫይታሚን አይደለም፤ መድኃኒትም አይደለም። ኢንዛይም ነው። አሳማ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ዘንድ የማይበላ እንስሳ በመሆኑ ጉዳዩ ከእኛ የራቀ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ኢንዛይሙ ለአሳማው የሚሰጠው ጥቅም በየግቢያችን ለምትገኘው ዶሮም ይሠራል። አሳማና ዶሮ በመልክ ቢራራቁም በምግብ አፈጫጨታቸው ዘመዳሞች ናቸውና።

ለመሆኑ ከበሬ የሚለያቸው ምንድን ነው? በሬ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ አለው። በትልቁ ክፍል ውስጥ ለቁጥር የሚያዳግቱ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ። ገለባውን የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች የበሬው ሳይሆኑ የእነዚህ ተሕዋስያን ናቸው። አሳማና ዶሮ ግን ይህን የመሰለ የመፍላት ክፍል ከጨጓራቸው ስለሌላቸው በአብዛኛው የሚተማመኑት ራሳቸው በሚያመነጩት ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ደግሞ አንድን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን፣ በለውጡም ራሱ የማያልቅ ፕሮቲን ሲሆን ሥራው የተወሰነ ነው፤ ስታርችን የሚሰባብረው ቅባትን አይነካም። ስለዚህ እንስሳው የማያመነጨው ኢንዛይም የሚፈታው ነገር በመኖው ውስጥ ካለ፣ ያ ነገር በአፍ ገብቶ ሳይፈጭ ይወጣል።

ከእነዚህ ነገሮች ዋነኛው ፋይቴት ይባላል። በእህልና በቅባት እህሎች ፍሬ ውስጥ ከሚገኘው ፎስፈረስ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተቆለፈው በፋይቴት ውስጥ ነው። ፋይቴት ፎስፈረሱን ይዞ ብቻ አይቀርም፤ ካልሲየምን፣ ዚንክንና ብረትንም ያስራል። በመሆኑም የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ የምትመገብ ዶሮ በፎስፈረስ ተከብባ የፎስፈረስ እጥረት ሊያጋጥማት ይችላል። አጥንቷ ይሳሳል፤ እድገቷም ይዘገያል። አርቢው ጉድለቱን ለመሙላት የአጥንት ዱቄት ወይም ማዕድን ይገዛል፤ አስቀድሞ በገንዘቡ የገዛው ፎስፈረስ ግን ከኩስ ጋር ይጣላል።

ፋይቴትን የሚፈታው ኢንዛይም ፋይቴዝ ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1907 በሩዝ ገለፈት ውስጥ መኖሩን ደርሰውበታል። ለገበያ የበቃው ግን እ.ኤ.አ. በ1991 በኔዘርላንድስ ነው። የሚገርመው፣ የገፋፋቸው የመኖ ውድነት ብቻ አልነበረም። በዚያች ጠባብ አገር የአሳማው ብዛት ከመሬቱ አቅም በላይ ሆኖ በፍግ ውስጥ የሚወጣው ፎስፈረስ ውኃውን ይበክል ነበር። ፎስፈረስ የበዛበት ውኃ የአልጌና የአረም መፈልፈያ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ ለታየበት ለጣና ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በእርግጥ በጣና ተጠያቂው ከአሳማ ፍግ ይልቅ በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ነው። ፋይቴዝ ዛሬ የሚመረተው ሻጋታንና ባክቴሪያን በማባዛት ሲሆን፣ የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም መኖ 500 የኢንዛይም መለኪያ ነው። ይህም ከኪሎው ውስጥ አንድ ግራም ገደማ የማዕድን ፎስፈረስ ይተካል።

የደጋው ገበሬ እህል ገብስ ነው፤ ደባርቅም፣ ዳባትም፣ ወገራም የሚታወቁበት። ገብስ ግን ለጫጩት የራሱ ችግር አለው። ቤታ ግሉካን የተባለው አሰር በአንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ ያዝለገልጋል፤ ምግቡ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ኩሱ እየተጣበቀ ጉዝጓዙን ያረጥባል። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የነበሩ ተመራማሪዎች በገብስ መኖ ላይ ኢንዛይም ሲጨምሩ ጫጩቶቹ የተሻለ ማደጋቸውን አሳዩ። ገብሱን በውኃ መዘፍዘፍ ብቻ እንኳ ለውጥ ነበረው።

እዚህ ላይ የጎንደር እናቶች ሙያ ይታወሳል። ጠላ የሚጠምቁ ሁሉ ገብስን ዘፍዝፈው፣ እስኪያቆጠቁጥ አቆይተው ብቅል ያደርጉታል። ፍሬው ሲበቅል የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጎተራውን ለመክፈት ኢንዛይም ያመነጫል። ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠው፣ ቤታ ግሉካንን የሚበጥሰው፣ ፋይቴትን የሚፈታውም በዚያን ጊዜ ይበረታል። ብቅል በፀሐይ የሚደርቀው፣ አሻሮ ግን በምጣድ የሚቆላው ለዚሁ ነው። ኃይለኛ እሳት የነካው ኢንዛይም ቅርጹ ተበላሽቶ ሥራውን ያቆማል። አሻሮው ስታርቹን፣ ቀለሙንና ጣዕሙን ይሰጣል፤ የሚሰባብረው ብቅሉ ነው። የመኖ ፋብሪካዎችም የሚቸገሩት በዚሁ ነው። መኖውን በእንፋሎት አሙቀው ሲጠፈጥፉት ኢንዛይሙ ስለሚጎዳ ወይ ሙቀት በሚከላከል ሽፋን ይለብጡታል፤ ወይም መኖው ከቀዘቀዘ በኋላ በፈሳሽ መልክ ይረጩታል።

ታዲያ ማን ይጠቀምበት? ስትጭር የምትውል የሐበሻ ዶሮ ትልና ነፍሳት ስለምትለቅም ኢንዛይም ተገዝቶላት የምታስገኘው ትርፍ እምብዛም ነው። ጥቅሙ የሚታየው በቤት ተዘግተው የተመጣጠነ መኖ በሚሰጣቸው የሥጋና የእንቁላል ዶሮዎች ላይ ሲሆን፣ ያም ቢሆን ፕሮቲኑ የጎደለ መኖ በኢንዛይም አይሟላም። አቅም ያነሰው አርቢ በራሱ በፉርሽካው ሊጀምር ይችላል። የስንዴ ፉርሽካ የራሱ ፋይቴዝ ስላለው ለብ ባለ ውኃ ለጥቂት ሰዓታት ቢዘፈዘፍ ከፋይቴቱ የተወሰነው ይፈታል፤ ውኃው መፍላት የለበትም፤ ሻጋታ እንዳይዝም በዕለቱ መሰጠት አለበት። ኑግና በቆሎ ግን ይህ ኢንዛይም በበቂ መጠን ስለሌላቸው ለብቻቸው ቢዘፈዘፉ ያን ያህል አይጠቅሙም፤ ከፉርሽካው ጋር ተደባልቀው መዘፍዘፍ ይኖርባቸዋል። የፋብሪካ ዱቄት የሚገዛም ቢሆን የተመረተበትን ቀን አይቶ ይግዛ። በደባርቅ ብርድ ለወራት የሚቆይ ኢንዛይም በመተማ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቢከማች ከጆንያው ሳይወጣ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል።