የእማማን ዓይን ማን ያያል?

እማማ ቡና ሲያፈሉ ሲኒውን በእጃቸው እየዳበሱ መፈለግ ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው? «እርጅና ነው» ብላችሁ አልፋችሁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ብሔራዊ ጥናት ግን በአገራችን ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይነሣል።

የዓይን ቀዶ ሐኪም ለመሆን መንገዱ ረጅም ነው። አስቀድሞ ጠቅላላ ሐኪም መሆን፣ ከዚያም ለዓመታት ስፔሻሊቲ መማር ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ የአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የቆየ ስም አለው። ሐኪሙ በዓይን ጠርዝ ጠባብ ቀዳዳ ከፍቶ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣና በፕላስቲክ ሌንስ ይተካዋል። በሠለጠነ እጅ ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው የሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ዓይን ያንን ፕላስቲክ እንደሚችለው ተገነዘበ፤ እ.ኤ.አ. በ1949ም ለንደን ውስጥ ሞከረው። የሙያ ጓደኞቹ ለብዙ ዓመታት ተቃውመውታል።

ትልቁ ችሎታ ግን ከቢላው በፊት ነው። ሐኪሙ ባትሪ እያበራ «እማማ፣ ብርሃኑ በየት በኩል ነው?» ይላል። አቅጣጫውን ከለዩ፣ ከሞራው በስተጀርባ ያለው ነርቭ ይሠራል፤ ተስፋ አለ። ግላኮማ ነርቩን ከገደለው ግን ሞራው ቢነሣም የጠፋው እይታ አይመለስም። ባልና ሚስት «ማን ይውሰዳቸው?» እያሉ ሲከራከሩ የሚያልፈው ጊዜ ዋጋው ይህ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ገጠሮች ትራኮማም አለ። ከሕፃናት ጋር የሚውሉ እናቶችን አብዝቶ ያጠቃል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን ይፍቃል። ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት በአብዛኛው የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። ሙያን ለሌላ እጅ ማስተላለፍ ለናዝሬት ሰው አዲስ አይደለም፦ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሜኖናይት ሚስዮናውያን የከፈቱት የኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል፣ የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል፣ ድሬሰሮችን ያሠለጥን ነበር።

አዲስ ወላጆች ሆይ፣ በሕፃናችሁ የዓይን ብሌን ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ ደግሞ አታቆዩት። ሞራ ወይም የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላልና በዚያው ሳምንት ለዓይን ሐኪም አሳዩት።