ኮንጁጌት በፓይተን፦ አንዲት ምልክት መገልበጥ

እ.ኤ.አ. በ1545 ጣሊያናዊው ጂሮላሞ ካርዳኖ «አርስ ማግና» በተሰኘው መጽሐፉ አንድ ጥያቄ አነሳ፦ ድምራቸው 10፣ ብዜታቸው 40 የሚሆን ሁለት ቁጥሮች የትኞቹ ናቸው? ከምናውቃቸው ቁጥሮች መካከል መልስ የለም። ካርዳኖ ግን የኔጌቲቭ 15ን ስኩዌር ሩት አንድ ጊዜ 5 ላይ ደመረ፣ አንድ ጊዜ ከ5 ቀነሰ፤ ሁለቱም ሁኔታዎች ተሟሉለት። በአንዲት ምልክት ብቻ የሚለያዩ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ዛሬ አንዱ የሌላው ኮንጁጌት ይባላሉ።

ፓይተን እንዲህ ያለውን፣ የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት የያዘ ኮምፕሌክስ ቁጥር ያለ ተጨማሪ ላይብረሪ ያውቃል። ምናባዊውን ክፍል የሚያመለክተው እንደ ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች በ«ጄ» ነው፤ በሒሳብ የተለመደውን «አይ» እነርሱ ለከረንት ይጠቀሙበታልና። 3+4ጄ ላይ «ኮንጁጌት» የተባለውን ፈንክሽን ብንጠራ 3−4ጄ ይመልሳል። ቁጥሩ ከያዛቸው 128 ቢቶች የሚገለበጠው አንዱ፣ የምናባዊው ክፍል የምልክት ቢት ብቻ ነው።

ሥራው ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ ይዘነጋል፤ ጉዳቱ ግን ትንሽ አይደለም። የኮምፕሌክስ ቁጥር ርዝመት የሚገኘው በኮንጁጌት ነው። 3+4ጄ በኮንጁጌቱ ሲባዛ 25 ይሆናል፤ የ25 ስኩዌር ሩት 5 ደግሞ ቁጥሩ ከዜሮ ያለው ርቀት ነው። በራሱ ቢባዛ ግን −7+24ጄ ይወጣል፤ ይህ ርዝመት ሊሆን አይችልም። አሁን አባላቱ 1 እና 1ጄ የሆኑ ቬክተር እንውሰድ። ነምፓይ የተባለው የፓይተን የስሌት ላይብረሪ ያለው «ዶት» የተሰኘ ፈንክሽን ቬክተሩን ከራሱ ጋር ሲያባዛ ዜሮ ይሰጣል፤ ባዶ ያልሆነ ቬክተር ርዝመት አልባ ሆነ ማለት ነው። «ቪዶት» የተሰኘው ሌላው ፈንክሽኑ ግን የመጀመሪያውን ኮንጁጌት አድርጎ ስለሚያባዛ 2 ያወጣል፤ ትክክለኛው ይህ ነው። ፓይተን በሁለቱም ጊዜ ምንም የስህተት መልእክት አያሳይም። ኮምፕሌክስ ቁጥር የሚያስተምር ሰው ሁሉ ይህን ቬክተር በመጀመሪያው ቀን ቢያሳይ እመርጣለሁ።

ኮድ ማትላብ ከተባለው የስሌት ቋንቋ ወደ ፓይተን የሚያሻግሩም እዚሁ ይሰናከላሉ። በማትላብ ከማትሪክስ ቀጥሎ የሚጻፈው ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ረድፍና ዓምዱን ሲያቀያይር አባላቱንም ኮንጁጌት ያደርጋል። የነምፓይ «ቲ» ግን ማቀያየር ብቻ ነው፤ ኮንጁጌቱን ጸሐፊው ራሱ መጨመር አለበት።

አንድ ረቂቅ ነገር አለ። የ−4+0ጄ ኮንጁጌት −4−0ጄ ነው። እኩል ናቸው ወይ ብለን ብንጠይቅ ፓይተን አዎ ይላል። «ሲማዝ» በተባለው የፓይተን ሞጁል ስኩዌር ሩታቸውን ስናወጣ ግን የመጀመሪያው 2ጄ፣ ሁለተኛው −2ጄ ይሰጣል፤ የዜሮዋ ምልክት ቁጥሩ ከኔጌቲቩ መስመር በላይ ወይም በታች መቆጠሩን ትወስናለችና።