ዘጠና ሁለት ዓመት ሳይደፈር የኖረ ቁጥር

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሂሳብ ሊጽፍ ሲነሣ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ እንደሚሉ ዐውቃለሁ። ቢሆንም ነገሩ የሂሳብ ብቻ አይደለምና ጥቂት ይታገሡኝ።

ቁጥሩ 4,294,967,297 ነው። ሠላሳ ሁለት 2ቶችን ደርድረን እርስ በርሳቸው ካባዛን በኋላ 1 ስንጨምር እናገኘዋለን። ጎዶሎ ስለ ሆነ ለ2፣ መጨረሻው 7 ስለ ሆነ ለ5፣ የአኃዞቹ ድምር 59 ስለ ሆነ ደግሞ ለ3 አይካፈልም። ለ7፣ ለ11፣ ለ13 ቢሞክሩትም እምቢ ይላል። ታዲያ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ ብቸኛ የሚባለው ዓይነት ቁጥር ይሆን?

በ1640 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፒየር ደ ፌርማ «ነው» ብሎ አመነ። ፌርማ በቱሉዝ ከተማ የፍርድ ቤት ሹም ነበረ፤ ሂሳብን የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነው። ይህ እንኳ እኛን ደስ ያሰኛል። እምነቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። 3ን እንውሰድ፤ 1 እንቀንስ፣ ቀሪውን በራሱ እናባዛ፣ 1 እንመልስ፤ 5 ይሆናል። በዚሁ መንገድ ስንቀጥል 17፣ 257 እና 65,537 ይመጣሉ፤ አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛው የእኛ ቁጥር ነው። ፌርማ ማረጋገጫ እንደሌለው አልሸሸገም፤ ነገር ግን ስሙ ትልቅ ነበረ።

በ1729 ጎልድባህ የተባለ የሂሳብ ሰው ነገሩን ለሌዎናርድ ኦይለር በደብዳቤ አነሣለት። ኦይለር በ1732፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ መልሱን አወጣ፤ ቁጥሩ 641 በ6,700,417 ሲባዛ የሚገኝ ነው። ሁለቱ አካፋዮች ራሳቸው ብቸኛ ስለ ሆኑ ከዚህ ወዲያ አይከፈልም።

የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። 641 ከብቸኛ ቁጥሮች 116ኛው ነው። ከ2 ጀምሮ በተራ የሚያካፍል ትዕግሥተኛ ሰው በ116 ሙከራ ይደርስበት ነበር። ኦይለር ግን፣ በኋላ ራሱ እንዳስረዳው፣ የዚህ ቁጥር አካፋይ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ቀሪ ማስቀረት እንዳለበት አሳየ። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። አምስተኛው ላይ ነገሩ አለቀ!

ሌላም ምስክር አለ። ብቸኛ የሆነ ቁጥር፣ በራሳቸው የተባዙ የሁለት ቁጥሮች ድምር ሆኖ ቢጻፍ፣ የሚጻፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ይህ ግን በሁለት ይጻፋል፤ በ65,536 እና በ1፣ እንደገናም በ62,264 እና በ20,449። እኔ ሁለተኛውን በደብተሬ ጀርባ ላይ ብሠራው በመጀመሪያ ተሳሳትኩ፤ በሁለተኛው ልክ መጣ።

የአካፋዮቹ ድምር፣ ራሱን ሳንጨምር፣ 6,701,059 ብቻ ነው፤ ከራሱ እጅግ ስለሚያንስ «ጎደሎ» ከሚባሉት ወገን ይመደባል።

በዚያ ተራ ከ65,537 በኋላ ከመጡት መካከል እስከ ዛሬ አንድም ብቸኛ አልተገኘም። እንደሌለ ያረጋገጠም የለም።